በሽማግሌ እርምጃ

የክብደቴ ሚዛን ቆሞ የቀረበት ጊዜ ምን ያህል እንደረዘመ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። አንዳንድ ቀን ሳስበው ከዐቢይ ጾም አጋማሽ አንሥቶ እስከ ክረምት ደጃፍ የተዘረጋ፣ ሰው ሊያረጅበት የሚችል ዘመን ይመስለኛል። ሌላ ቀን፣ በተለይ ለራሴ ስራራ፣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር እላለሁ። ሁለቱም በእኩል ጥራት ይታዩኛል፤ የሚያስቸግረኝም ይኸው ነው። ስለ ሌሎች የሕይወቴ ዘመናት ትዝታዬ ሲሳሳት ያን ያህል አልጨነቅም። የዚህኛው ርዝመት ግን ከእህቴ ዕድሜ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሳሳጥረውም ሳስረዝመውም ራሴን እጠራጠራለሁ።

ታላቅ እህቴ ሰበታ ውስጥ የተማሪ ደንብ ልብስ ትሰፋ ነበር። ሱቋ ከጅማ መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር ጎን የተለጠፈች ጠባብ ክፍል ነበረች። ግፊቷን ለዓመታት ሳትታከመው ኖራ፣ አንድ ቀን እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ሲላት ሐኪም ቤት ሄደች፤ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ማቆማቸውን እዚያ ሰማች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እየዘለለች አዲስ አበባ ለኩላሊት እጥበት ትመላለስ ጀመር። ሐኪሞቹ ከዘመድ ኩላሊት ካገኘች መዳን እንደምትችል ነገሯት። ልጆቿ ገና ለዚህ አልደረሱም፤ ከወንድሞቻችንም በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ተመረመርኩ። ደማችን ተስማማ፤ የቀረውም ምርመራ ተስማማ።

የኩላሊት ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ስታበቃ፣ ከወረቀቱ ይልቅ የተቀመጥኩበትን ወንበር ትመለከት እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ወይም ዛሬ ላይ ሆኜ የጨመርኩት ሊሆን ይችላል።

«ኩላሊትዎ ጤነኛ ነው» አለችኝ። «በዚህ ክብደትዎ ግን ኦፕራሲዮን ልናደርግዎ አንችልም። ለራስዎ አደጋ ነው። ደግሞ የሚቀርልዎት አንዱ ኩላሊት ይህን ሁሉ አካል ብቻውን መሸከም አለበት።»

«ምን ያህል ጊዜ አለን?»

«ለእርስዎ ወይስ ለእሷ?» አለች፤ ወዲያው በጥያቄዋ የተጸጸተች መሰለችና የሚፈለገውን ክብደት ጽፋ ሰጠችኝ።

በእኛ ቤት ውፍረት በሽታ ተብሎ አያውቅም። አባታችን ወፍራም ነበር፤ ወንድሞቻችንም እንዲሁ። ወፍራም ሰው ወደ አንድ ቤት ሲገባ ጠንካራው ወንበር ይፈለግለታል፣ «ተመችቶሃል» ይባላል፣ የሚበላውን ሲያበዛ የቤቱ እመቤት ደስ ይላታል። አባታችንም ወንድሞቻችንም በስኳርና በግፊት መሞታቸውን እያወቅን እንኳ፣ ሞታቸውን ከሰውነታቸው ጋር አያይዞ ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴ የተማርኩ ነኝ፤ የማነባቸው መጻሕፍት ግን ስለ ሌላ ነገር ነበሩ። ሰውነቴን የሚያነሣብኝ ሰው ቢኖር በመንገድ ላይ የማገኘው ነው። አንድ ጊዜ እህቴን ልጠይቅ ስሄድ ዓለም ገና ላይ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ መሐል ላይ ተቀመጥልኝ። ወደ ዳር ካልክ በሦስት ጎማ የመጣነው በሁለት እንገባለን» አለኝ። ከጎኔ የነበሩት ሴት፣ «ተወው አንተ! እሱ ባይኖር በዚህ ነፋስ ስንበር ታይ ነበር» ብለው ተከላከሉልኝ። ሁላችንም ሳቅን። ስደርስ ለእህቴ ነገርኳትና እሷም ሳቀች። የሐኪሟን ቃል ከሰማሁ በኋላ በመጣው ሳምንት ያንኑ ባጃጅ ይሁን ሌላ ስሳፈር ግን፣ ማንም ምንም ሳይናገር፣ መሐል ላይ ተቀምጬ ወለሉን ሳይ ሰበታ ደረስኩ።

የምኖረው ቡራዩ ነው። የቢሮ ሥራዬ አዲስ አበባ ስለሆነ ጠዋት በጊዜ እወጣለሁ፤ ማታ ደግሞ ከታክሲ ሰልፍ ወርጄ ቤቴ ስገባ ከመቀመጥ በቀር አቅም አይኖረኝም። ለራሴ የነበረኝ ጊዜ ከንጋት እስከ ቁርስ ያለው ብቻ ነበር። በዚያ ሰዓት ደጃፋቸው ላይ የማያቸው አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩኝ። ጡረታ የወጡ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ሐኪም በእግራቸው እንዲሄዱ ያዘዛቸው ሰው ናቸው። መጀመሪያ በሩ ላይ ተገናኝተን፣ «አካም ቡልተን፣ አባባ?» ብዬ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው። «ነጋ፣ ኢልመ ኮ»፣ ሰላም ነው ልጄ አሉና ካፖርቴን፣ ጫማዬን፣ መላ አካሌን ተራ በተራ አይተው፣ «ዛሬ ደግሞ ወዴት ልትሸሽ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ልጃቸው የምሆን ያህል ታናሻቸው ስለሆንኩ በአማርኛውም በኦሮምኛውም እንዳሻቸው ይናገሩኛል። ነገሩን አጫወትኳቸው። «እንግዲያው አብረን እንሂድ» አሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽማግሌው ከእኔ ይፈጥኑ ነበር። ከኮብልስቶኑ ወጥተን ወደ ገፈርሳ ግድብ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄድን እኔ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጭኖቼ እርስ በርስ ተፋትገው ይቆስላሉ፣ ተረከዜ ሚስማር የረገጠ ያህል ያመኛል። እሳቸው ከፊቴ በሽመላቸው ተደግፈው ይቆማሉ፤ ስደርስ፣ «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው። «ግድቡ የትም አይሄድም። እኛ ሳንደርስ አያፈሱትም።» አንድም ቀን ሳይጠብቁኝ አልቀሩም። ይህን የምጽፈው ውለታው ምን ያህል እንደከበደኝ ለማስረዳት ነው። መንቀሳቀስ በማትችልበት ሰዓት የጠበቀህን ሰው፣ በኋላ መንቀሳቀስ ስትችል ጥለኸው መሄድ ቀላል አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ጂም እሄድ ነበር። አሰልጣኙ በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ፣ ከእኔ በብዙ የሚያንስ ሰው ነው። እንደገመትኩት ብረት አላሸከመኝም። ወንበር አምጥቶ ተነሥ ተቀመጥ አለኝ፤ ግድግዳውን በሁለት እጄ ገፋ ገፋ እንዳደርግ አሳየኝ። «ለአንተ ይሄ ብረት ነው» አለ። «ሰውነትህ ራሱ ስለሚከብድ አሁን የምትሠራው ሁሉ ሥራ ነው። ከመቀመጫህ መነሣትህ ሥራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ትቀንሳለህ። ቶሎ ስለቀነስክ ግን ሁልጊዜ እንደዚህ ይሆናል ብለህ እንዳትሸወድ።»

በእርግጥም ቶሎ ቀነስኩ። ካፖርቴ ሰፋ፤ ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ አስበሳሁ፤ ሽማግሌው ሽመላቸውን ተደግፈው የሚጠብቁኝ ቦታ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት እየሄደ መጨረሻ ላይ ጠፋ። ጎን ለጎን መሄድ ጀመርን። በዚያ ሰሞን እህቴን እጥበት ላይ ሳለች ልጠይቃት ስገባ፣ ክንዷ ከማሽኑ ጋር እንደታሰረ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ የጠየቅኩህ ኩላሊት ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ የት ጣልከው?» አለችኝ። አጠገቧ ያሉት ታካሚዎች ሳቁ። እሷ ግን ወዲያው ፊቷ ተለወጠና፣ «እየበላህ ነው ግን?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደምበላ ነገርኳት። አላመነችኝም፤ እሷ ልትበላው የማይገባትን ሙዝ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

ከዚያ ሚዛኑ ቆመ።

የምመዘነው አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነበር። መርፌው አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ጥቂት ይንቀጠቀጣል፤ ይቆማል። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው። በተከታዩም እዚያው። መጀመሪያ ጫማዬን ጠረጠርኩና አውልቄ ወጣሁ። ቀጥሎ ሚዛኑን ጠረጠርኩና ሌላ ፋርማሲ ሄድኩ። የቀረኝ መጠን ብዙ አልነበረም፤ ያለዚያ ቀሪ መጠን ግን የቀነስኩት ሁሉ ለሐኪሟ ምንም ማለት አልነበረም። ጊዜው ጾም ስለነበር፣ ይህን ዕድል ብዬ ተቀበልኩት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይም በሽሮ የምበላውን እንጀራ በግማሽ ቀነስኩ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቢሮ ውስጥ ፊደል ይደረብብኝ ነበር። ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

አሰልጣኙ ጉዳዩን ስነግረው ወዲያው ስለ ምግብ አልጠየቀኝም። «ጠዋት ስትሄድ ምን ያህል ትፈጥናለህ?» አለኝ።

«እንደ ድሮው።»

«እንደ ድሮው ማለት መቼ?»

«እንደጀመርን ሰሞን።»

«እየሄድክ ማውራት ትችላለህ?»

«ከቤት ወጥተን እስክንመለስ እናወራለን» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ክፋት አልነበረበትም። «ጋሼ፣ ያኔ ሥራ የነበረው አሁን ሽርሽር ሆኗል። ሰውነት ይለምዳል። የለመደውን ነገር ደግሞ በትንሽ ጉልበት ይጨርሰዋል። አሁን ቀለል ስላልክ ደግሞ የምትሸከመው ራሱ ቀንሷል። እሱ ሲቀንስ አንተ ካልጨመርክ እዚያው ነህ። ፍጠን፤ ዳገት ፈልግ፤ አንድ ቀን ረጅም፣ አንድ ቀን አጭርና ከባድ እያደረግህ አምታታው። ምግቡን ደግሞ እንዲህ አትቁረጥ፤ ስብ ሳይሆን ጡንቻህን ነው የምትጨርሰው። ጾመኛ ከሆንክ ምስርም ባቄላም ሽምብራም አለልህ።»

ከዚያ የበለጠ ግልጽ ምክር አላስፈለገኝም። በማግሥቱ ጠዋት በሩን ከፍቼ ስወጣ ግን ሽማግሌው እንደተለመደው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ «ነጋ ቡልተ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝና ጎን ለጎን፣ በእሳቸው እርምጃ፣ ወደ ገፈርሳ አቀናን።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ የሽማግሌው ልጅ፣ ትዳር ይዛ ሱሉልታ የምትኖረው፣ አባቷን ልትጠይቅ መጥታ ቤቴ ድረስ ገብታ አመስግናኝ ነበር። «እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንዲሄድ ስንለምነው እሺ አይልም ነበር» አለችኝ። «አንተ ከመጣህ ወዲህ ግን አንድ ቀን አያስታጉልም። ስኳሩም ወርዷል። ‹ልጁ ይጠብቀኛል› እያለ ነው የሚነሣው።» ይህን ከሰማሁ በኋላ እሳቸውን ትቼ መፍጠን ማለት ለእኔ መፍጠን ብቻ አልነበረም። አንዱን በሽተኛ ለሌላው መሠዋት መሰለኝ። እንዲህ በግልጽ አስቤው እንደሆነ ግን አሁን አላውቅም። ይሉኝታ ይዞኝ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በኋላ ነው የከበረ ምክንያት የሰጠሁት።

መላ ፈለግሁ። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ፊት ፈጠን ብዬ ሄጄ፣ ተመልሼ እሳቸው ዘንድ እደርስና እንደገና እሄዳለሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ካዩኝ በኋላ፣ «ምን ሆነሃል?» አሉኝ። «ጌታውን ተከትሎ ገበያ እንደሚሄድ ውሻ ትመላለሳለህ። መንገዱን ታሸትልኛለህ?»

«ትንሽ ሰውነቴን ላሙቅ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እኔ ዘንድ ብርድ አለ?» አሉ። አፈርኩና ከጎናቸው ቀረሁ።

ቀጥሎ በፍጥነት መጨመር ካልቻልኩ በሸክም ልጨምር አልኩ። የድሮ የጀርባ ቦርሳዬን በድንጋይ ሞላሁት። የማላውቀውን ክብደት ሳይሆን ወራት ሙሉ ደክሜ የጣልኩትን ያህል መልሼ በጀርባዬ መጫኔ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን ብልሃት መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ቦርሳውን በሽመላቸው መታ አድርገው፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«መጻሕፍት ነው።»

«ለግድቡ ልታነብለት ነው?»

ሽመላቸው ድንጋዩን ሲመታ የተሰማውን ድምፅ ሁለታችንም ሰምተናል። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። ጥቂት ቀናት እንደተሸከምኩት ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። አሰልጣኙ ጉልበቴን በእጁ ይዞ እያጠፈ፣ «ሸክም በትንሽ በትንሹ ነው የሚጨመረው፤ እሱም መጀመሪያ ጭንህን ካጠነከርን በኋላ ነው። ማን ነው በአንዴ ይሄን ጫን ያለህ?» አለኝ። ስለ ሽማግሌው የነገርኩት ያን ቀን ነው።  «እህትህ ያውቃሉ?» አለኝ። አታውቅም አልኩት።  ጉልበቴ እስኪሻለው ድረስ አረፍኩ፤ ይህም ዕረፍት ርዝመቱን አሁን ከማላውቀው ጊዜ ጋር የሚደመር ነው።

በዚያ ሰሞን እህቴ እየደከመች ነበር። ወደ ሱቋ መሄድ ትታለች። ለእጥበት የገባላት ቱቦ አመርቅዞ ትኩሳት ይዟት አንድ ጊዜ ተኝታ ወጥታለች። ሰበታ ሄጄ አጠገቧ ስቀመጥ ሆዴን ጎሸም አድርጋ፣ «አሁን ደግሞ ቆመ አይደል?» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት። «ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ። ሱሪህ ካለፈው ወር ወዲህ ያው ነው» አለች። ያለፈው ወር ማለቷን እርግጠኛ ነኝ። ግን እሷ ያለፈን ጊዜ ሁሉ ያለፈው ወር ነበር የምትለው፤ የሞቱትን ወንድሞቻችንንም ባለፈው ወር እንዳየቻቸው አድርጋ ታወራ ነበር። ስለዚህ ይህም አይረዳኝም። «አትጨነቅ» አለችኝ፤ «እኔ እዚሁ ነኝ።» ከተናገረችኝ ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው።

በማግሥቱ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ወደ ግድቡ መንገድ ገና ስንጀምር ቆምኩ። በቃላት እንዴት እንዳቀናበርኩት ትዝ አይለኝም። ቃሎቼን ከመተኛቴ በፊት ሳዘጋጅ ማምሸቴን፣ በተናገርኩ ጊዜም ከተዘጋጀው አንዱንም አለመናገሬን ግን አስታውሳለሁ። ከእንግዲህ በፍጥነት መሄድ እንዳለብኝ፣ በሌላ መንገድ፣ ወደ ዳገቱ፣ ብቻዬን መሄድ እንዳለብኝ ነገርኳቸው። እህቴንም አነሣሁ። ሽማግሌው መሬቱን በሽመላቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«ጉልበትህ የታመመው ለዚህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«መጻሕፍቱም?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ዴሚ» አሉኝ። ሂድ ማለታቸው ነው። ይህቺን አንዲት ቃል በስንት ዓይነት ድምፅ እንደማስታውሳት መናገር ያሳፍረኛል። አንዳንዴ እንደ ምርቃት እሰማታለሁ፤ አንዳንዴ ደጃፍ ላይ የቆመን ለማኝ እንደማሰናበት። ስሄድ ዞሬ አላየኋቸውም፤ ካየሁ እንደምመለስ አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስወጣ አላገኛቸውም። ከዳገቱ ስመለስ ግን ከግቢያቸው በር ላይ፣ ፀሐይ በምታርፍበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አያቸው ነበር። ሰላም እንባባላለን። «ሄዱ ወይ፣ አባባ?» ስላቸው፣ «ዛሬ ደክሞኛል» ይላሉ። ሁልጊዜ ዛሬ ነበር።

ዳገቱ በብዙ ቀጣኝ። ልቤ በጆሮዬ ውስጥ ይመታል፤ ጉሮሮዬ ይደርቃል፤ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ የማስመልስባቸው ቀናት ነበሩ። አሰልጣኙ እንዳዘዘኝ አንዱን ቀን አፈጥናለሁ፣ አንዱን ቀን አረዝማለሁ፤ ቅዳሜ ውኃ የሞላ ጀሪካን ታቅፌ ከወንበር እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ጀሪካኑ ሲቀለኝ ተለቅ ባለ ይቀይረዋል። እሑድ እሑድ ደግሞ ታክሲ እየቀያየርኩ ሱሉልታ እሄድ ነበር። ሜዳው ሰፊ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ አየሩ ስስ ነው፤ ሯጮች በቡድን ሆነው ሲያልፉ የእግራቸው ድምፅ እምብዛም አይሰማም። አንዱ ቡድን በየሳምንቱ ያገኘኛል። በመጀመሪያው ቀን ከመካከላቸው አንዱ፣ «ጋሼ፣ መንገዱን ልትዳምጠው ነው እንዴ?» ብሎኝ አለፈ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ያው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ያ ሮለሩ የታል? ሸጥከው?» አለኝ። መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አልነበረኝም፤ እጄን አነሣሁለት።

ሚዛኑ ተንቀሳቀሰ። መርፌው ከለመደበት ቦታ ሲለቅ ያየሁበት ቀን ደስታ ነበረው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ደስታ አልነበረም። ምን ያህል ቀላል ነበር የሚል ሐሳብ ነበር የመጣብኝ። በበጋው መግቢያ ላይ ሐኪሟ የጻፈችልኝ መጠን ላይ ደረስኩ፤ ከዚያም አልፌ ጥቂት ቀነስኩ፣ ለጥንቃቄ ብዬ።

ሐኪሟ ፊት ለሁለተኛ ጊዜ ስቀመጥ ወንበሩን አልተመለከተችም። ዐይኖቿ እኔ ላይ ቆዩ። «እርስዎ ዝግጁ ነዎት» አለችኝ። ከዚያ ያ የመረቀዘው ቱቦ ያስከተለው ኢንፌክሽን ወደ እህቴ ልብ መድረሱን፣ አሁን ባለችበት ሁኔታ ኦፕራሲዮኑን ልትቋቋመው እንደማትችል፣ ምናልባት ከተሻላት በኋላ እንደሚታይ ነገረችኝ። ምናልባት የሚለውን ቃል ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቀደም ብዬ ደርሼ ቢሆን ኖሮ?» አልኳት።

«በስንት ጊዜ ቀደም ብለው?» ስትል ጠየቀችኝ።

 ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ያንን የቆመ ጊዜ መለካት የጀመርኩት። አሰልጣኙን ጠየቅኩት፤ «ብዙም አልቆየም፣ ጋሼ። ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ስለዚህ ልጠቀምበት አልቻልኩም። ፋርማሲዎቹ የሚመዘንን ሰው አያስታውሱም።

እህቴ ኦፕራሲዮኑ መቅረቱን ከእኔ በፊት ሰምታለች። ስገባ ተቀምጣ ነበር። «ና፣ ቁም እስቲ» አለችኝ። ቆምኩ። ልብስ እንደምትለካለት ደንበኛ ትከሻዬን፣ ወገቤን በእጇ ዳሰሰች። እጇ ቀላልና ትኩስ ነበር። «ጥሩ ተሰፍተሃል» አለች። ቀጥላ፣ «ለራስህ ይሁንህ» ብላኝ ትራሷ ላይ ተጋደመች። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ ወዲያ አላወራንም። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሱቋ ኪራይ፣ ስለ ብርዱ አወራን። ከጥምቀት በፊት ዐረፈች።

ለቅሶው ሰበታ፣ ከቤቷ ፊት ለፊት በእድሩ ድንኳን ውስጥ ነበር። ለዓመታት ያላየኋቸው ዘመዶቻችን ከየአቅጣጫው መጡ። ከእነሱ ብዙዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩኝ ያ ትልቁ ሰውዬ ሳለሁ ነው። እያቀፉኝ ያለቅሱና፣ ክንዳቸው ከጠበቁት በላይ ሲዞርብኝ ደንግጠው ወደ ኋላ ይላሉ። አንዲት የአባቴ እህት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ሁለት ጉንጮቼን ይዘው ለተቀመጡት ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «እዩት ልጄን! እሷን ሲያስታምም አብሮ አልቆላታል። እንዲህ ያለ ወንድም የት አለ?» አሉ። ሴቶቹ በዚህ ቃል ላይ እንደገና አለቀሱ። ከወንዶቹ ወገን አንዱ፣ «ሐዘን እኮ እንዲህ ነው፤ ሰውን ከውስጥ ይበላዋል» ሲል ሰማሁ።

ላስረዳቸው ይገባ ነበር። ይህ የሐዘን ክሳት አይደለም ልላቸው፤ ዳገት ላይ፣ በጀሪካን፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ እንዲያውም ከአባታችን ጀምሮ በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ጤነኛ የሆነ ሰው አልነበረም፤ እህታችን በሕይወት ሳለች በዚህ መልክ ሊደርስላት የሚገባ ሰው ዘግይቶ የደረሰው አሁን ነው ልላቸው። ስንት እንደዘገየ ግን ቢጠይቁኝ የምነግራቸው አልነበረኝም። ደግሞም ያን የመሰለ ምስጋና የሚያስተካክል ንግግር ለቅሶ ቤት ውስጥ አይነገርም። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬንም እንደ ሐዘን ተቀበሉት፤ ሐዘንም ነበር።

አክስቴ ሳህን አስመጥተው ከፊቴ አስቀመጡ። «ብላ» አሉኝ፣ «ብላ የኔ ልጅ፣ አንተ እንኳ ቅርልን።» ያጎረሱኝን ጉርሻ ተቀበልኩ። ሌላ ጨመሩ። ድንኳኑ ሙሉ እያየኝ፣ ሁለቱም ኩላሊቶቼ በውስጤ እንዳሉ፣ የሰጡኝን ሁሉ በላሁ።